በሰሙነ ሕማማት የመለስሁት አክፋይ

ማክሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት

ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ወደ ኋላ ሸሸሁ። እጄን እንኳ አልዘረጋሁም። «ሕማማት ነው፤ ሰላምታ የለም» አልኋት። ድምፄ አልተለወጠም፤ ማሕሌት ላይ የሚወጣው ያው ድምፄ ነበር።

የመጣችው ልጄ ደብሪቱ ናት። ከሞጣ እስከዚህ እስከ ቢቸና ሦስት ቀን ከነጋዴዎች ጋር በእግሯ ተጉዛ፣ የአራት ወር ሴት ልጇን አዝላ፣ ግንባረ ቦቃ በግ እየሳበች ደረሰች። በጉን ከአጥሩ ውጭ ካለው ግራር ሥር አሰረችው። በተወለደችበት ግቢ ሳይፈቀድላት ምንም ላለማስገባት ተጠንቅቃ ነው። ይህን ጥንቃቄ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ካየኋት ሦስት ዓመት ሊሆን ነው። ለደብራችን ዲያቆን ቃል ሰጥቼባት ሳለ የሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር አገባች። ሰውየው ሽማግሌ ቢልክብኝ «የምድራት ልጅ የለኝም» ብዬ ከደጄ መለስሁ። ቃሉ በከተማው እንዲሰማ አድርጌ ነበር የተናገርሁት፤ ተሰማም።

ዛሬ ያመጣችው፦
በግ፣ አንድ።
ማር፣ አንድ ማሰሮ።
ዳቦ ቆሎ፣ አንድ አገልግል።
ኩታ፣ ራሷ የፈተለችው።

«አባየ፣ አክፋይ ይዤ መጥቻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

አክፋይ ልጅ ለወላጁ ለፋሲካ የሚያቀርበው ነው። የተቀበለ ወላጅ «ልጄ ነሽ» ብሏል፤ የመለሰ ወላጅም ምን እንዳለ ማንም ያውቃል። ይህን ሁሉ ጠንቅቄ እያወቅሁ እንዲህ አልሁ፦ «በሰሙነ ሕማማት አክፋይ መቀበል ሥርዓት አይደለም። ወስደሽ ለነዳያን ስጪው።»

የሰላምታው ክልከላ እውነት ነው። በዚህ ሳምንት ክርስቲያን አይሳሳምም፤ መስቀልም አይሳለምም። የአክፋዩ ክልከላ ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ከየትኛውም መምህር አልሰማሁትም። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እኔም አላውቀውም ነበር።

ጎረቤታችን እትየ ማንጠግቦሽ፣ የደብሪቱ የክርስትና እናት፣ ከበሩ ቆመው ሰምተዋል። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ሰምተዋል።

ደብሪቱ ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። «ሥርዓት ከሆነ ደግ» አለችና ዕቃውን መልሳ አነሣች። ሕፃኒቱ ከጀርባዋ ሆና ታየኝ ነበር። ስሟን አልጠየቅሁም።


ረቡዕ

ደብሪቱ በማለዳ ሄደች። ያደረችው ከእትየ ማንጠግቦሽ ዘንድ ነው። ባለቤቴ እንጉዳይ ልትሸኛት ነጠላዋን አጣፍታ እስከ በሩ ሄደችና እኔን አይታ ተመለሰች። አልከለከልኋትም። መቆሜ በቃ።

እንጉዳይ ከትናንት ጀምሮ የተናገረችኝ፦ «ውሃው ቀርቧል።» «ቁልፉ የት ነው?» «አዎ።» «አይ።» ሌላ የለም። ለፋሲካ የጠነሰሰችውን ጠላ ታያለች፤ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ማጀት ገብታ ትቆያለች። ሥራዋ አልጎደለም። ስለምን ያስፈራኛል?

ደብሪቱ አግብታ ከሄደች ወዲህ ያለፈውን ዛሬ ቆጠርሁ፦ ሦስት እንቁጣጣሽ፣ ሦስት መስቀል፣ ሦስት ልደት፣ ሦስት ጥምቀት፣ ሁለት ፋሲካ። በየበዓሉ እንጉዳይ ከሚቆረሰው ዳቦ አንድ ቁራሽ በጨርቅ ቋጥራ ከሣጥኑ ላይ ታኖራለች፤ በማግሥቱ ፈትታ ለዶሮ ትበትነዋለች። ለማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሦስት ሰዎች ከተቀመጡበት ተነሡልኝ። አንዱ አቶ ደስታው ነው፣ ከገበያው ዳር ጨው የሚሸጠው። «መሪጌታ፣ ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው! ለልጅዎ እንኳ አላደሉም» አለኝ። እንደ ትሑት ሰው አንገቴን ደፋሁ። በልቤ ግን ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ስላለብኝ እጽፋለሁ፦ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እትየ ማንጠግቦሽ በደስታ እየተጣደፉ መጡ። የክርስትና ልጃቸው ከደብረ ወርቅ የጤፍ ዱቄትና ዘይት አምጥቶላቸው ነበር።

«መለስሁት እኮ መሪጌታ! ተቆጣ፤ ይቆጣ። እርስዎ ደብሪቱን ከመለሱ እኔ ማን ነኝ ልቀበል?»

እትየ ማንጠግቦሽ ባል የሞተባቸው፣ መሬት የሌላቸው ናቸው። ፋሲካቸው ያ ዱቄትና ያ ዘይት ነበር።

«ደብሪቱንም አጽናናኋት» አሉኝ ደግሞ። «አባትሽ ሥርዓት ይዟቸው ነው እንጂ ጠልተውሽ አይደለም፤ ሕማማት ባይሆን ኖሮ ጉልበታቸውን ይሰጡሽ ነበር አልኋት። ደግ አደረግሁ?»

«ደግ አድርገዋል» አልሁ።

ሁለተኛው ሐሰት ይህ ነው። ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ።


ጸሎተ ሐሙስ

ካህናቱ የምእመኑን እግር አጠቡ። የእኔን ያጠቡልኝ የንስሐ አባቴ መምሬ ይኄይስ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ተንበርክከው ለመነሣት ተደገፉኝ። ደብሪቱ ልጅ ሳለች ከጉባኤ ስመለስ ሁልጊዜ እግሬን የምታጥበኝ እርሷ ነበረች፤ በጣቶቼ መካከል የገባውን ጭቃ በጥፍሯ እየለቀመች «አባየ፣ ዛሬ ምን አስተማሩ?» ትለኝ ነበር። ካላስረዳኋት ውሃውን አትደፋም። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ እንደ እርሷ አልጠየቁኝም።

ጉልባኑን አልበላሁም። እንጉዳይ ሳህኑን አነሣችና «ጾም ጨመሩ?» አለች። በሦስት ቀን ውስጥ ከቁልፉ ሌላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። መልሴን ሳትጠብቅ ማጀት ገባች።

ነገሩ እየሰፋ ነው። አቶ ደስታው የገዛ አማቹን ከነበጉ መልሷል። አማቹ ከአምበር ድረስ የመጣ ሰው ነው። «አክፋዬ ካልተፈለገ እኔም አልፈለግም» ብሎ ሚስቱን፣ ማለትም የደስታውን ልጅ፣ ከእናቷ ቤት አስነሥቶ ይዟት ሄዷል። ሴቲቱ እርጉዝ ናት። ደስታው ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ሆኖም «ሥርዓት ነው፤ ምን ይደረጋል?» አለኝና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ደግ አደረግህ» እንድለው ይጠብቃል። «ጸሎት ያስፈልጋል» ብዬ አለፍሁት።

አሁን ማድረግ የምችለው፦
ዝም ማለት። እስከ ዳግም ትንሣኤ ይረሳል።
«ተሳስቼ ነበር፤ መጽሐፉን በደንብ አላየሁም» ማለት። ይህ ሦስተኛ ሐሰት ነው። አልተሳሳትሁም።
እውነቱን መናገር። ያን ጊዜ ደብሪቱ የእትየ ማንጠግቦሽን ማጽናኛ ታጣለች። እስከ ሞጣ ይዛው የሄደችው እርሱን ብቻ ነው። አባቷ ሥርዓት ይዞት ሳይሆን ፈልጎ እንደ መለሳት ታውቃለች።

እውነቱን ላለመናገር ይህን ምክንያት ማግኘቴ አስደሰተኝ። ስለ ልጄ የማዝን መሰልሁ። ስለ ራሴ ነው።


ዓርብ፣ ስቅለት

ከማለዳ እስከ ሠርክ ሰገድን። ጉልበቴ አብጧል። ጀምበር ሳትጠልቅ እጽፋለሁ።

ስግደቱ ሲያበቃ ሰው ሁሉ በየተራው ከካህናት ፊት እየቀረበ ያጠፋውን ይናገራል፤ ካህኑም ጀርባውን በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ አድርጎ የሚሰግደውን ይነግረዋል። አንዱ ዓሣ በላሁ ይላል፤ አንዷ ጎረቤቴን አማሁ ትላለች። እኔ በየዓመቱ የምናገረው ትንሽ ነገር አላጣም፤ ዘንድሮም አንድ ትንሽ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። መምሬ ይኄይስ ፊት ስደርስ ያዘጋጀሁት ጠፋብኝ።

«ልጄን ሰላም አላልኋትም» አልሁ።

ሣቅ አሉ። «በሕማማት ሰላምታ የለ። ይህ ደግሞ ኃጢአት ሆነ?»

«ስለ ሕማማት ብዬ አይደለም። ሕማማትን ተሸሸግሁበት እንጂ። ፋሲካ ቢሆን ሌላ እፈልግ ነበር።»

ወይራውን አወረዱ። የአክፋዩንም ነገርኋቸው። መጽሐፍ እንደሌለው፣ ከአፌ ፈጥሬ እንዳወጣሁት፣ ከተማው እንደ ተቀበለው። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ይሰሙ ይሆን እያልሁ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። መምሬም ይህን አዩ።

«አምስት መቶ ስግደት ይዘዙኝ» አልሁ።

«አላዝም።»

«ሺህ ይሁን።»

«መሪጌታ፣ ለእርስዎ ስግደት ቅጣት አይደለም። ሲሰግዱ ሰው እንዲያይዎ ይወዳሉ።» ሠላሳ ዓመት የንስሐ አባቴ ሲሆኑ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። «ነገ ቀጤማ ሲታደል በሕዝቡ ፊት የተናገሩትን ያፍርሱ። ከበዓሉ በኋላ አክፋይ ይዘው ሞጣ ይሂዱ።»

«አባት ለልጅ አክፋይ ወስዶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ሥርዓት መሥራት ከጀመሩ አይቀር ይህንንም ይጨምሩበት።»

ጀርባዬን አንድ ጊዜ ብቻ በወይራው ነኩኝ። ከሺህ ስግደት ከበደኝ።


ቀዳም ሥዑር

ተናገርሁ።

ቀጤማው ከታደለ በኋላ፣ ሁሉም በግንባሩ አስሮ ሊበተን ሲል፣ ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ሰዉ የበዓል ምክር መስሎት ጸጥ አለ። «በሕማማት አክፋይ አይቀበሉም ያልሁት ሥርዓት አይደለም። እኔ ነኝ የፈጠርሁት። ልጄን ለመመለስ ስል ዋሽቻለሁ። የመለሳችሁ ሁሉ ልካችሁ ተቀበሉ።» ይህን ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዳሁት ረጅም ነበር፤ እዚያ ስወጣ አጠረ።

ከዚያ አቶ ደስታው ከመካከል ጮኸ፦ «ታዲያ በጌንስ? አማቼንስ ማን ይመልስልኝ?» አንዳንዱ ሣቀ። ደስታው አልሣቀም። «ልጄን እኮ ነው ያስነሡብኝ መሪጌታ!» አለኝና ቀጤማውን ከግንባሩ በጥሶ ጣለ። ልከተለው ስል ሰው ያዘኝ። ወዲያው በቅሎ ጭኖ ወደ አምበር ወርዷል አሉ። ደርሶ ቢያስታርቅ ደግ፤ ባያስታርቅስ? ይህ በእኔ ላይ ነው።

እትየ ማንጠግቦሽ ወደ እኔ መጥተው ክንዴን ያዙ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «እኔ እኮ ለደብሪቱ ነገርኋት» አሉኝ ቀስ ብለው። «እየማልሁ ነበር የነገርኋት።» ከቁጣ የባሰ ነው።

ዛሬ አልመገብም፤ እስከ ትንሣኤ አከፍላለሁ። ጠዋት ከነበሩት ተማሪዎቼ ሁለቱ ዓይኔን ሸሹ። ሌሎቹ አቀርቅረው በመጽሐፋቸው የቆዳ ሽፋን ላይ ያለውን ድጉስ ይቆጥራሉ። ሃያ ዓመት ሐሰትን ሳወግዝ ኖሬያለሁ፤ እነዚህም ሰምተውኛል።


እሑድ፣ ትንሣኤ

ዶሮው ተበላ፤ ቤቱ ሞቅ አለ። እንጉዳይ ቁራሿን እንደ ልማዷ ቋጥራ ከሣጥኑ ላይ አኖረች። ከእኛ ቤት የጤፍ ዱቄትና ዘይት አውጥታ ለእትየ ማንጠግቦሽ ወስዳለች፤ አላማከረችኝም፤ ደግ አደረገች።

ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነዳያኑ ተሰብስበው ሥጋ ይበላሉ። ግንባረ ቦቃ ቆዳ ከአጥሩ ላይ ተዘርግቷል። ደብሪቱ ያዘዝኋትን አድርጋ ሄዳለች፤ ከቶ አላጎደለችም። ማሩም፣ ዳቦ ቆሎውም፣ ሁሉም።

ዓይነ ስውሩ አባ ተሰማ ኩታዋን ለብሰው ተቀምጠዋል። በአረማመዴ ለዩኝ።

«መሪጌታ! ልጅዎ ያለበሰችኝ ነው። እስቲ ይዳስሱት፣ ፈትሉ ምንኛ ቀጥኗል!»

ዳሰስሁት። ክሩ ከየትም ቦታ እብጠት የለውም። ጠርዙን ለማጥበቅ ሁለት ጊዜ ዞራበታለች። ቁመቱ የእኔ ቁመት ነው፤ ከአባ ተሰማ እግር ተርፎ አፈር ነክቷል።

«እግዜር ይባርክልዎ» አሉኝ። «አሜን» ብዬ ሄድሁ። ምን ልል ኖሯል?


ሰኞ፣ ማዕዶት

በግ ገዛሁ። ሻጩ «ለማን ነው መሪጌታ?» አለኝ። «አክፋይ ነው» አልሁ። «ለአማትዎ? እርሳቸው አልሞቱም እንዴ?» «ለልጄ ነው።» ዙሪያው የነበረው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ጎረምሳ «መሪጌታ ሙሽራ ሊሆኑ ነው» ብሎ አሣቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሳፍረው ነበር። ተገቢ ነው ብዬ በጉን እየሳብሁ ሄድሁ።

እንጉዳይ የማሰናዳውን ቆማ አየች። ማር፣ ዳቦ፣ የሕፃን ነጠላ። ነጠላውን ከሣጥን ያወጣችው እርሷ ናት። ከወሊዱ ወሬ ጀምሮ አሠርታ አኑራው ኖሯል።

«በቅሎውን ጫኑልኝ» አለች።

«እኔ በእግሬ ልሄድ አስቤ ነበር።»

«እርስዎ በእግርዎ ይሂዱ። በበቅሎ የምሄደው እኔ ነኝ።»


ሐሙስ፣ አዳም። ሞጣ

ሦስት ቀን ተጉዘን ደረስን። እንጉዳይ በበቅሎ፣ እኔ በግ እየሳብሁ። በደብረ ወርቅ መንገድ የሚያውቁኝ ሁለት መነኮሳት አዩኝ፤ ሰላምታ ሰጥተው ስለ በጉ ምንም አልጠየቁም። ዞር ስል ቆመው ይመለከቱኝ ነበር። ደብሪቱ ልጅ አዝላ የሄደችበት ዳገት ነው። ሦስት ጊዜ አርፌበታለሁ።

ቤታቸው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ፣ በደንብ የታጠረ። በጉን ከውጭ ካለው ግንድ ላይ አሰርሁት። ሳይፈቀድልኝ አላስገባም።

የወጣው ባሏ ታመነ ነው። ፊቱን ዛሬ ገና አየሁት። ሽማግሌዎቹን ከደጄ የመለስሁበት ሰው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ቀድሜ ልጎነብስ ነበር የመጣሁት፤ ቀደመኝ።

ደብሪቱ ልጇን ታቅፋ ከደጃፉ ቆመች። ወደ እናቷ ሄዳ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ወደ እኔ አልመጣችም።

«ሕማማት አለቀ እንዴ አባየ?»

«አልቋል።» መንገዱን ሁሉ ሳጠናው የመጣሁት ቃል ነበረኝ። «ያን ቀን የነገርሁሽ ሥርዓት ሐሰት ነው። የለም። አንቺን ላለመቀበል ፈጠርሁት። ማንጠግቦሽ የነገሩሽም እውነት አይደለም፤ እርሳቸው ግን አምነውኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ያሳደጉኝ አንቱ። በዚያ ሳምንት የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ በቃሌ አስይዘውኛል። አክፋይ አልነበረበትም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ስለምን ዝም አልሽ?»

«ሰው ቆሞ ነበር» አለች። «በሰው ፊት አባየ ዋሹ ልበል?»

በዚያች ቅጽበት በደጄ ላይ ከሁለታችን ሥርዓት የጠበቀችው እርሷ ነበረች። ዓይኗን አንሥታ ያየችኝ ለዚህ ነበር። እኔ ድፍረት መስሎኝ ነበር።

«አክፋይ አምጥቼልሻለሁ» አልሁ በመጨረሻ።

«ለእኔ? አባት ለልጅ?»

«አዲስ ሥርዓት ነው» አለች እንጉዳይ ከኋላዬ። «አባትሽ በየሳምንቱ አንድ ይሠራሉ።» ታመነ ሣቁን ሊውጥ ዞረ። ደብሪቱም ልትሥቅ ነበር፤ ያዘችው።

«እንግዲያ ሥርዓቱን አላውቀውምና ላስብበት» አለች። «በጉ ለጊዜው ከውጭ ይቆይ። እናንተ ግቡ።»

ገባን። እግሬን ያጠበኝ ታመነ ነው። እርሷ ምግብ አቀረበች፤ አጎረሰችኝ፤ ጉልበቴን ግን አልሳመችም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ምን መብት አለኝና! ሕፃኒቱን እንጉዳይ ተቀብላ ከጭኔ ላይ አኖረቻት፤ ጢሜን ይዛ አልለቅ አለች።

ስሟን ጠየቅሁ። «ሙሉ» ትባላለች። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ሳላውቀው ቆየሁ።


ዓርብ፣ ሞጣ

በማለዳ ወጣሁ። ግንዱ ባዶ ነው። ደነገጥሁ፤ ጠፋ ወይም መልሰው ላኩት አልሁ።

በጉ ከአጥሩ ውስጥ ነው። ከኩሽናው ጥግ ታስሯል፤ ሣር ቀርቦለታል። ደብሪቱ በአጠገቡ ቆማ ውሃ ታቀርባለች። ስታየኝ «እንደምን አደሩ አባየ?» አለች፤ ከማስገባቱ ነገር አንድ ቃል አላነሣችም።

አገሩ ጅብ ይበዛበታል። ጅብ ፈርተው አስገብተውት ሊሆን ይችላል። አልጠየቅሁም።